ከፍ ተደርጎ የሚዘጋ በር

«መኪናዬን ሸጧታል» ሲሉ ሰማቸው አባቱን። ሰው እንዳይሰማው የሚጠነቀቅ ሰው ድምፅ ነበር፤ ዝቅ ያለ፣ ንዴት የሌለበት። እሱ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፊቱን ሳሙና ቀብቶ ቆሟል። መታጠቢያ ቤቱንና ማእድ ቤቱን የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ነው፤ እሱም ጣራው ሥር ለአየር የተተወ ቀዳዳ አለው። እህቱ የምታጥበው ሳህን ድምፅ ቆመ። «የሰው መኪና አምጥቶ ግቢዬ ውስጥ አቁሞልኛል» አሉ አባቱ። «ጥሩ መኪና ነው፣ እንከን አይወጣለትም። የእኔዋ ግን አይደለችም። ምንም አትበዪው፣ ቁርሱን ይብላ።» እህቱ፣ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለች። ውሃው እንደገና መውረድ ጀመረ። እሱ ምላጩን እንደያዘ መስተዋቱ ፊት ቀረ፤ ሳሙናው ጉንጩ ላይ ደርቆ እስኪያሳክከው ድረስ አልተላጨም።

ሥራው ሚዛን ማስተካከል ነው። የወርቅ ቤቱ፣ የመድኃኒት ቤቱ፣ የእህል መጋዘኑ ሚዛን ሲዋሽ የሚጠራው እሱ ነው፤ ናሱን ክብደት በጨርቅ ይዞ ያስቀምጣል፣ መርፌው ከዜሮ ፀጉር ታህል ዘንበል ካለ እሷን ሳያቃና አይነሳም። መኪናዋንም የያዛት እንደዚያው ነበር። አባቱ በዚያች አሮጌ ፒክ አፕ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው ዕቃ ሲያመላልሱ ኖረው፣ ስኳር ዓይናቸውን ሲጋርደው ቁልፉን አውጥተው ሰጡት፤ «ቆማ ከምትበሰብስ አሠራት» አሉ እንጂ ሌላ አላሉም። ከግቢው ተጎትታ ከወጣች ሁለት ዓመት አለፈ። ከደመወዙ የተረፈው ሁሉ ጋራዥ ገባ። አባቱ ቀለም አያዩም፣ የሚያዩት በእጃቸው ነው፤ ስለዚህ እጃቸው ከኮፈኑ እስከ ኋላው ስፖንዳ ሲሄድ አንዲት ጉድጓድ፣ አንዲት ሻካራ ቦታ ማግኘት የለበትም ብሎ ወሰነ። ላሜራው ሲቃና እየዳሰሰ፣ «እዚህ ጋ ገና ነው» እያለ ሠራተኛውን ያስመርር ነበር። ትናንት አመሻሽ ላይ ነድቶ ሲያመጣላቸው አባቱ በሁለት መዳፋቸው ዙሪያዋን ዳሰሷት፤ አንዴ፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና። ከዚያም ደክሞኛል ብለው ገብተው ተኙ። እሱ ደስታ ነው ብሎ ነበር።

ቁርስ ላይ እህቱ የእንግዳውን ብርጭቆ አወጣችለት። በዚህ ቤት የእንግዳ ብርጭቆ ማለት ቁምሳጥኑ ላይኛው መደርደሪያ ላይ ተገልብጦ የሚቀመጠው፣ ጠርዙ ላይ የወርቅ ቀለም ያለው ነው፤ እሱ ልጅ እያለ አንዱን ሰብሮ የተገረፈበት። ዳቦውን ቆርጣ ፊቱ አስቀመጠች፣ ሻይ ቀዳችለት፣ ሳትጠይቀው ስኳር ጨመረች። እሱ ስኳር መውሰድ ካቆመ ቆይቷል፣ ግን አማስሎ ጠጣው። አባቱ የማሩን ብልቃጥ በጣታቸው ፈልገው ወደ እሱ ገፉለት። ሥራ እንዴት ነው ብለው ጠየቁት። የሥራ ባልደረቦቹን ጤና ጠየቁት፤ በስም ስለማያውቋቸው «ሰዎቹ» አሏቸው። መቼ እንደሚመለስ ጠየቁት። ዛሬ ማታ አላቸው፣ ነገ ሥራ አለ። «ጥሩ» አሉ፣ «መንገዱ ሳይጨልም ብትወጣ ይሻላል።» ዛሬ አብረው ሊነዱ ተቀጣጥረው ነበር፤ አባቱ ዕቃ ይጭኑበት የነበረው የድሮው መጋዘን ድረስ ደርሰው ሊመለሱ። ያንን ማንም አላነሳውም።

መታጠቢያ ቤት ሆኖ የሰማውን ነገራቸው። አባቱ አልደነገጡም፤ አፋቸውን በመሐረብ ጠረጉና፣ ታዲያ ከሰማህ ጥሩ፣ እኔም መደበቅ አልወድም አሉት። እጃቸውን ይዞ ወደ ግቢ አወጣቸው። መኪናዋ ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ቆማለች፣ ሰማያዊ፣ ጠል የረገፈባት፣ ከዕቃ ማሳያ መስኮት የወጣች ይመስል። በመጀመሪያ ኮፈኑን ከፍቶ የአባቱን ጣት ሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር ላይ አሳረፈ። ግን ዝገቱ ተፍቆ ሁለት ጊዜ ቀለም ስለተቀባ ቁጥሩ ለዓይን እንጂ ለጣት አልቀረም። እህቱን ሊብሬውን ይዛ እንድትመጣ ለመናት፤ መጥታ አንዱን ከሌላው እያስተያየች አነበበችና ልክ ነው አለች፣ አንገቷን እንደሰበረች። «ቁጥርማ ሰው ነው የሚመታው» አሉ አባቱ። ሞተሩን አስነሳላቸው። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳ፣ እንደ አዲስ ስፌት መኪና ወጥ ድምፅ እያሰማ። አባቱ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። የእሳቸዋ ጠዋት ጠዋት ሳታስል ተነስታ አታውቅም።

ከዚያ የሾፌሩን በር ከፈቱ። ማንም አላዘዛቸውም፤ እጃቸው መያዣውን አውቆት ሄደ። ሊዘጉት ሲሉ ግን ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት በግራ እጃቸው ከሥር ደግፈው ከፍ አደረጉትና በዳሌያቸው ገፉት። የድሮው በር ማጠፊያው ስለላላ ካልደገፉት አይገጥምም ነበር። ይሄኛው ከፍ የሚል ነገር የለውም። ቀጥ ብሎ እንደተሰቀለ እጃቸውን መለሰው፤ ዳሌያቸው ሲያገኘው ቀድሞ ተዘግቶ ነበርና ተንገዳገዱ፤ ልጃቸው ክንዳቸውን ያዘ። «በሩን ከነማጠፊያው ቀይሬው ነው፣ አባባ» አላቸው። «አሁን በአንድ ጣት ይዘጋል። ይሞክሩት።» ከፍቶ በአንድ ጣት ዘጋላቸው። አባቱ የመቆለፊያውን ቀጭን ድምፅ አዳመጡ።

«ይሄ በር አያውቀኝም» አሉ። ቀጥለውም በትህትና፣ አንድን ሱቅ ገብቶ ምንም ሳይገዛ እንደሚወጣ ሰው፣ «ጥሩ መኪና ነው፣ ልጄ። የማን ነው?» አሉ።

አባቱን አስገብታ ስትመለስ እህቱ የልብስ ገንዳውን በዳሌዋ ደግፋ መጣች። ልብሱን ስታሰጣ ከሽቦው ወዲያ ሆና ነው የምታናግረው፤ አንሶላው መሃላቸው ገብቷል። አባታቸውን በየቀኑ የምታጥባቸው፣ መርፌ የምትወጋቸው፣ የእግራቸውን ጥፍር የምትቆርጥ እሷ ናት፤ እሱ በወር አንድ ቀን ፍራፍሬ ይዞ ብቅ የሚል ሰው ነው። ይህን በቃል አላለችውም፣ አንሶላውን ስታራግፍ ግን ይሰማል።

«ለምን ሸጥካት ብዬ አልጠይቅህም» አለች። «የድሮ መኪና ዛሬ ወርቅ ሆኗል፤ የሚሰበስቧት ሰዎች አሉ አሉ። ቸግሮህም ይሆናል። ዓይን የላቸውም ብለህ ማድረግህ ነው ያንገበገበኝ።»

«እትዬ፣ እምልልሻለሁ…»

«አትማል። የስንቱ ነጋዴ ሚዛን ላይ ማኅተም የምትመታ ሰው ነህ።» ጨርቅ መቆንጠጫውን ከአፏ አውጥታ ሽቦው ላይ ሰካች። «ማታ ከመሄድህ በፊት እውነቱን ንገራቸው። ካልነገርካቸው ቁልፉንም ይዘህ ሂድ፣ ከዚህ በኋላም መምጣት አይጠበቅብህም። የማይታመን ልጅ እየመጣ ከሚያታልላቸው፣ ጭራሽ ባይመጣ ይሻላል።»

ስለዚህ ጊዜ ያለው እስከ ማታ ነበር። ከእሷ የተፈታ አንድ አሮጌ ዕቃ ፈልጎ ለማምጣት ወደ ጋራዡ ታክሲ ያዘ። መኪናዋን ይዞ ቢወጣ፣ ሲመለስ ደግሞ ሦስተኛ መኪና ናት ሊሏት እንደሚችሉ ታይቶታል።

ጋራዡ በሁለት ሕንፃዎች መሃል የተዘረጋ የቆርቆሮ ጣራ ነው። ወለሉ ዘይት ጠጥቶ እንደ ቆዳ ጠቁሯል፤ በአንዱ ጥግ የመኪና በሮች እንደ መጻሕፍት ቆመው ተደርድረዋል። ላሜራ የሚያቃናው ሰው ዕድሜውን በመዶሻ ድምፅ ውስጥ ስላሳለፈ ካልጮኹለት አይሰማም፣ እሱም ሲያወራ ይጮኻል። ሚዛን አስተካካዩን «ሚሊ» ብሎ የሰየመው እሱ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ከአፉ «ሚሊሜትር» የሚል ቃል ስላልጠፋ። «ሚሊ መጣ» አለ ሲያየው፣ «ደግሞ የቷ ሚሊሜትር ጎደለች?»

የድሮዎቹ በሮች የት እንዳሉ ጠየቀው። ከሄዱ ቆይተዋል፤ አሮጌ ብረት የምትገዛዋ ሴትዮ ጭና ወስዳ፣ በሮቹ ወዲያው ተጨፍልቀው ወደ ማቅለጫ ሄደዋል። ሚዛን አስተካካዩ ይህን ሲሰማ ራሱም ያላሰበውን ነገር ተናገረ፤ አዲሱን በር እንዲያጎደጉድለት ለመነው። የሾፌሩ በር ላይ፣ ድሮ የመጋዘኑ ምሰሶ መትቷት ጎድጉዶ የነበረው ቦታ። ማጠፊያውም እንደ ድሮው እንዲላላ። ሰውየው በደንብ ያልሰማ መስሎት ጆሮውን አቀረበ፤ ሲደገምለት ሳቀ። «በሠራሁት ጉንጭ ላይ ጥፊ ምታልኝ ነው የምትለኝ?» ከዚያ ፊቱን አይቶ መሳቁን ተወ፤ እጁን ጠርጎ ጠመኔ አነሳና በአጠገቡ የቆመ የሌላ ሰው መኪና በር ላይ አስጠጋ። «እሺ። የት ጋ ነበር?»

ሚዛን አስተካካዩ እጁን ዘረጋ። ከመያዣው ሥር አለ፤ ከዚያ ወደ ግራ አለ፤ ከዚያ እጁን መለሰ። ጉድጓዱ ምን ያህል ጥልቀት እንደነበረው ያውቃል፣ በሩ እስኪቀየር ድረስ ጉድጓዱን ለመሙላት ስንት እጅ ስቱኮ እንደተቀባበት ያውቃል። ጠርዙ ክብ ይሁን ሾጣጣ፣ አውራ ጣት ይግባበት ወይስ መዳፍ፣ ያን አያውቅም። ያየው ለማጥፋት የሚበቃውን ያህል ብቻ ነበር። ጠመኔው በሩ ላይ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትቶ ወረደ።

«እንግዲህ ያላወቅከውን ቦታ እኔ ከየት አመጣዋለሁ» አለ ሰውየው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኽ። «ሴትዮዋ ጋ ሂድ። ወንበሩንና መሪውን አብራ ወስዳለች፤ ብረት ስላልሆኑ አንድ ጥግ ጥላቸው ይሆናል።»

አሮጌ ብረት የምትገዛዋ ሴትዮ ግቢ ከሩቅ ይታወቃል፤ በግንቡ ላይ የአልጋ ራስጌዎችና የብስክሌት ጎማዎች ብቅ ብለዋል። እሷ በር ላይ ከተነቀለ የአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች፣ ዓይኗን ከመርፌዎቿ ሳታነሳ የሚፈልገውን ጠየቀችው። መሪ ሲላት ወደ ውስጥ በአገጯ አመለከተች፤ መሪ ሞልቷል፣ ግባና ምረጥ። የዝናብ ውሃ ከያዘ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጀርባ፣ በገመድ ታስረው እንደ ቀለበት ከተንጠለጠሉት መሃል አገኘው። በአንድ በኩል የተሰነጠቀው ቦታ ከጎማ ላስቲክ በተቆረጠ ጥብጣብ ተጠቅልሏል፤ በሌላው በኩል፣ አባቱ ግራ እጃቸውን ያሳርፉበት የነበረው፣ ተበልቶ ወደ ውስጥ ገብቷል። ይህን እንኳ አንድ ቀን አልዳሰሰውም ነበር። ሴትዮዋ አያያዙን አይታ ዋጋውን ከፍ አደረገችበት፤ የሰው ሆድ ሲባባ ዋጋ ይጨምራል ማለቷ እንዳልሆነ፣ መሪው ራሱ ውድ እንደሆነ አስረዳችው። የጠየቀችውን ከፈለ።

ሚኒባሱ ውስጥ መሪውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ሹፌሩ በመስተዋቱ አይቶት፣ ወንድሜ ደክሞኛል፣ አንተ ቀጥል አለው፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። አጠገቡ የተቀመጡ ሴት ዘንቢላቸውን ሰብስበው፣ ስታዞር ብቻ ቀስ በል አሉት። እሱም አብሮ ሳቀ። ጠፍቶበት የከረመ ነገር ወደ እጁ የተመለሰለት ያህል ቀለል አለው፤ አባቱ ሲነኩት የሚሉትን፣ እህቱም የምታሳየውን ፊት እያሰበ ሁለት ፌርማታ አልፎ ወረደ።

ቤት ሲደርስ ፀሐይ ወደ ጎረቤቱ ግንብ ዘንበል ብላለች። እህቱ ጠዋት ያሰጣችውን ልብስ እየሰበሰበች ነበር፤ የያዘውን አይታ መሰብሰቧን ቀጠለች። በቆዳ የተለበጠውን አዲሱን መሪ ፈታ፣ አሮጌውን ገጠመ፣ ፍሬውን ቅባት ቀብቶ አሰረ፣ ሁለት ጊዜ ግራና ቀኝ አዙሮ አየው። ከዚያ ገብቶ አባቱን ይዟቸው ወጣ። አንድ ነገር እንዲነኩለት ብቻ እንደሚፈልግ፣ ከዚያ በኋላ እንደማያስቸግራቸው ነገራቸው። እሳቸውም እንግዳን እንደማያሳፍር ሰው እሺ ብለው ተከተሉት። ወንበሩ ላይ ወጥተው ተቀመጡ፣ ለስላሳነቱን ተቃውመው ወደ ፊት ጠጋ አሉ፣ እጃቸውን ዘረጉ።

የቀኝ እጃቸው ጥብጣቡ ላይ ወደቀ። ጣቶቻቸው ጥቅልሉን አንድ በአንድ ቆጥረው እስከ መጨረሻው ሄዱ፣ ጫፉ በሽቦ የታሰረበት ጋ ሲደርሱ ቆሙ። ግራቸው የተበላውን ቦታ ሳይፈልግ አገኘው፤ አውራ ጣታቸው ገብቶ ልክ አለ። ትከሻቸው ወረደ። ግራ እግራቸው ፍሪሲዮኑን ረገጠ፣ አፋቸው አንድ ነገር አለ፣ ድምፅ ግን አልወጣውም። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጃቸው ያሰበው ፊት ይህ ነበር። ከበሩ ውጪ ቆሞ ጭንቅላቱን ጣራው ላይ ደገፈ፤ ቀለሙ ገና ሙቀት ነበረው።

«ይሄ የእሷ ነው» አሉ አባቱ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አውቄዋለሁ። እኔ ራሴ ነኝ የጠቀለልኩት።» ጥብጣቡን እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ እጃቸው ከመሪው ወደ ዳሽቦርዱ፣ ከዳሽቦርዱ ወደ በሩ ሄደ፤ ለስላሳ፣ ሁሉም ለስላሳ፤ ተመልሶም መጣ። ፊታቸው ቀስ እያለ ተለወጠ። «ከእሷ ላይ ፈታህ አመጣህልኝ» አሉ። «እዚህ ላይ ገጠምክልኝ።»

ቁጥሩን ነግሯቸዋል፣ ሊብሬውን አስነብቧል፣ ሞተሩን አሰምቷል። የቀረውን አንድ ማስረጃ አሁን በእጃቸው ይዘውታል፤ የያዙትም እሱ ሌባ ለመሆኑ ማስረጃ አድርገው ነው። አባቱ ግን አልተቆጡም። ይልቅ የተጨነቁት ለሌላ ነገር ነበር። «አሁን ያለ መሪ ነው የቆመችው?» ሲሉ ጠየቁት። «የት? ደጅ ነው? ዝናብ አለ እኮ ሰሞኑን።» የማያዩት ዓይኖቻቸው የእሱን ፊት ሲፈልጉ ትከሻው ላይ አረፉ። አንዲት መኪና የሆነ ቦታ፣ በሯ ሳይገጥም፣ ውሃ እየገባባት ትታያቸዋለች፤ ያቺ መኪና ደግሞ በምንም ዓይነት ከዚህ ግቢ ልትገባ አትችልም። እህቱ ከአንሶላው ጀርባ እጇን አቁማ ነበር።

«ሸጥኳት፣ አባባ» አለ።

አባቱ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። «ለማን?»

«ለአንድ ሹፌር።»

«ምን ይጭንባታል?»

«የቤት ዕቃ። አልጋ፣ ቁምሳጥን። ከባድ ነገር አይጭንም።»

«የት ያሳድራታል?»

«ጣራ ሥር።»

«በሯን ከፍ አድርጎ እንዲዘጋ ነግረኸዋል?»

«ነግሬዋለሁ።»

«ስታስል ነዳጅ እንዳይጨምርባት። ራሷ ትተወዋለች።»

«ያውቃል። ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል።»

አባቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላም ጠየቁት፤ ሰውየው ትልቅ ሰው ነው ወይ፣ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ነው ወይስ በፍሬን የሚወርደው፣ ልጆች አሉት ወይ። እሱም ለሁሉም መለሰላቸው፣ መልሱ ሁሉ ከአፉ ሲወጣ ልክ ነበር፤ ሰውየው ሃምሳ ያለፈው፣ ዝምተኛ፣ ሁለት ሴት ልጆች ያሉት ሆነ። እህቱ የታጠፈውን ልብስ ደረቷ ላይ አቅፋ መጣችና አጠገቡ ቆመች። ወደ እሱ አላየችም። «ይሄን ጠዋት ብትለኝ ምን ነበረበት» አለችው፤ ራቅ ብለው ለሚኖሩት ወንድሞቻቸው ልትነግር ዛሬውኑ እንደምትደውል ከአቋቋሟ ታወቀው።

«አትቆጪው» አሉ አባቱ። «ቸግሮት ነው። ደግሞም እኔ እንዳልከፋ ብሎ ሌላ ገዝቷል።» ሁለት እጃቸው አሁንም መሪው ላይ ነበር። «ይሄን ግን ዛሬውኑ ይዘህለት ሂድ። ሰውየው በምን ይነዳል?»

መፍቻውን ከመሣሪያ ሳጥኑ አውጥቶ ተመለሰ፣ በበሩ በኩል ጎንበስ ብሎ ፍሬው ላይ አጠለቀው። አባቱ ከወንበሩ አልወረዱም። መሪው እንዳይዞርበት በሁለት እጃቸው አጥብቀው ያዙለት፣ እንደ ልማዳቸው እግራቸውንም አቀና አድርገው።

«ያዝኩልህ» አሉት፣ «ፍታ።»

ፍሬው ገና ቅባቱ ስላልደረቀ በመጀመሪያው ሙከራ ዞረ።